አበበ ቢቂላ፦ እግሩ ዓለምን ያስደነቀ፣ አንገቱ በመንገድ ላይ የተጎዳ ጀግና

ደብረ ታቦር፦ ጥቅምት 15

ከጉና ተራራ ግርጌ ከብት የሚጠብቅ ልጅ ሩጫን ከአሠልጣኝ አይማርም። ከመንጋው ያፈነገጠች ጊደር ሊመልስ ይሮጣል፤ ደመና ሲጠቁር ወደ ቤቱ ይሮጣል፤ ትምህርት ቤት ሲረፍድበት ይሮጣል። ዳገቱ ሳንባውን፣ ጭንጫው የእግሩን ቆዳ ያጸኑለታል። ኢትዮጵያን በዓለም አደባባይ ያስጠራው ሻምበል አበበ ቢቂላም እንዲህ ካለ ደጋ የወጣ እረኛ ነበር።

ጥቅምት 15 ሻምበል አበበ ያረፈበት ዕለት ነው። በባዶ እግሩ ያገኘው ድል ከአባት ወደ ልጅ ሲነገር ኖሯል። ሕይወቱን ያሳጠረው የመኪና አደጋ ግን ብዙ ጊዜ በአንድ ዓረፍተ ነገር ይታለፋል። የአሽከርካሪን ራስና አንገት ከአደጋ ስለ መጠበቅ ዓለም ለአሥርት ዓመታት የተከራከረበት ጉዳይ የዚህን ጀግና ታሪክ በቅርብ ይነካል፤ ከወረታ ደብረ ታቦር፣ ከደብረ ታቦር ጋይንት የሚመላለሰውን ሰውም እንዲሁ።

ከጃቶ እስከ ክብር ዘበኛ

አበበ ነሐሴ 1 ቀን 1924 ዓ.ም በደብረ ብርሃን አቅራቢያ ጃቶ በተባለች የገጠር መንደር ተወለደ። አጋጣሚ ሆኖ ያን ዕለት በአሜሪካዋ ሎስ አንጀለስ ከተማ የኦሊምፒክ ማራቶን ይካሄድ ነበር። ጣሊያን ሀገሪቱን ሲወር አበበ ገና ሕፃን ስለነበር ቤተሰቡ ቀየውን ለቅቆ እንዲሸሽ ከተገደዱት አንዱ ሆነ። ጠላት ከተባረረ በኋላ ወደ ቀየው ተመልሶ እንደማንኛውም የገበሬ ልጅ ከብት ጠበቀ፤ በገና ሰሞንም ከእኩዮቹ ጋር ገና ተጫወተ። የገና ጨዋታ ወሰን በሌለው ሜዳ ላይ ያለ ዕረፍት የሚያሯሩጥ በመሆኑ ለእግሩና ለትንፋሹ የመጀመሪያው ትምህርት ቤት ሆነለት ማለት ይቻላል።

ወጣት ሳለ ወደ አዲስ አበባ አቅንቶ የክብር ዘበኛ ወታደር ሆነ። በዚያም ስዊድናዊው አሠልጣኝ ኦኒ ኒስካነን አገኘው። ኒስካነን ዝምተኛውን ወታደር በዳገትና በቁልቁለት፣ በረጅምና በአጭር ርቀት እያፈራረቀ አሠለጠነው። አበበ ትእዛዝ አክባሪ፣ ብዙ የማይናገር፣ ሕመሙን በፊቱ የማያሳይ ሰው ነበር። ይህ ጠባዩ በኋላ በሩጫውም፣ በአልጋ ላይ በዋለበት ዘመንም አብሮት ኖሯል።

የሮም ሌሊት

ጳጉሜን 5 ቀን 1952 ዓ.ም ኢትዮጵያውያን ለአዲሱ ዓመት ዋዜማ ሲሰናዱ፣ አበበ ሮም ላይ የማራቶን መነሻ መስመር ላይ ቆመ። ለውድድሩ የተገዛው ጫማ እግሩን ስላልተስማማው በልምምድ እንደለመደው በባዶ እግሩ ለመሮጥ ወሰነ። ሩጫው የቀኑን ሙቀት ለመሸሽ አመሻሽ ላይ ተጀመረ፤ ጨለማ ሲወርድ ወታደሮች ችቦ ይዘው በጥንታዊው የአፒያ ጎዳና ዳርና ዳር ተሰለፉ።

እስከ መጨረሻው ድረስ ከአበበ ጎን ያልተለየው የሞሮኮው ራህዲ ቤን አብደሰላም ነበር። ሁለቱ ወደ ማብቂያው ሲቃረቡ በመንገዳቸው ላይ አንድ የታወቀ ድንጋይ ቆሞ ይጠብቃቸው ነበር፤ ጣሊያን በወረራው ዘመን ከኢትዮጵያ የወሰደችው የአክሱም ሐውልት። አበበ በዚያ አካባቢ ፍጥነቱን ጨምሮ ተፎካካሪውን ጥሎ ሄደ። በቆስጠንጢኖስ ቅስት ሥር ውድድሩን ሲፈጽም ሰዓቱ 2፡15፡16 ነበር፤ አዲስ የዓለም ክብረ ወሰን። ራህዲ 25 ሰከንድ ገደማ ዘግይቶ ገባ። በአዲስ ዓመት ማለዳ ኢትዮጵያ የመጀመሪያውን የኦሊምፒክ ወርቅ ይዛ ነቃች፤ አበበም ወርቅ ያጠለቀ የመጀመሪያው ጥቁር አፍሪካዊ ሆነ። ሐውልቱ ራሱ ወደ አክሱም የተመለሰው ከዚያ ድል ከ44 ዓመታት በኋላ በ1997 ዓ.ም ነው።

ቶኪዮ፦ ጫማ ያደረገው ጀግና

ብዙ ሰው የሚያስታውሰው በባዶ እግሩ የሮጠውን አበበ ነው። ይሁንና የበለጠ ፈጥኖ የሮጠው በጫማ ነበር። ለቶኪዮ ኦሊምፒክ ሲዘጋጅ የትርፍ አንጀት ሕመም ጣለውና ውድድሩ ሊደርስ ስድስት ሳምንት እንኳ ሳይቀረው በቀዶ ሕክምና ታከመ። ከአልጋው እንደተነሣ ልምምዱን ቀጠለ። ጥቅምት 11 ቀን 1957 ዓ.ም ነጭ ካልሲና ጫማ አድርጎ 42 ኪሎ ሜትሩን በ2፡12፡11 ፈጸመ። ሁለተኛ የወጣው እንግሊዛዊ ከአራት ደቂቃ በላይ ቆይቶ ደረሰ። አበበ ግን ሌሎቹ እስኪገቡ ድረስ በስታዲየሙ ሣር ላይ ሰውነቱን ያፍታታ ነበር። የኦሊምፒክን ማራቶን ሁለት ጊዜ በማሸነፍ ቀዳሚ የለውም።

እግሩን በጫማ በመሸፈኑ ጀግንነቱ ጎደለ ያለ ሰው አልነበረም። ይህን ነገር ልብ ማለት ያስፈልጋል። መከላከያ ማድረግ ከድፍረት ጋር እንደማይጣላ የቶኪዮው ሰዓት ይመሰክራል።

ንጉሠ ነገሥቱ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ለዚህ ድል ከሰጡት ሽልማት መካከል ሕዝቡ ቮልስ እያለ የሚጠራት ቮልስዋገን መኪና ነበረች። በዘመኑ የግል መኪና ለጥቂቶች ብቻ የተፈቀደ ያህል ብርቅ ነበር። ከጃቶ ሜዳ በእግሩ የመጣው እረኛ መሪ ጨበጠ።

በ1961 ዓ.ም ጥቅምት ወር በሜክሲኮ ለሦስተኛ ጊዜ ለወርቅ ተሰለፈ። እግሩ ላይ ጉዳት ስለነበረበት 17 ኪሎ ሜትር ገደማ ሮጦ አቋረጠ። ወርቁን ግን ሀገሩ አላጣችውም፤ የሙያ ጓደኛው ማሞ ወልዴ ወሰደው። አበበም በማዕረግ ዕድገት ሻምበል ተባለ።

የመጋቢት 13 ሌሊት

ከሜክሲኮ አምስት ወር በኋላ፣ መጋቢት 13 ቀን 1961 ዓ.ም ሌሊት አበበ ያሽከረክራት የነበረችው ቮልስዋገን ከቁጥጥሩ ውጪ ሆና ተገለበጠች። እርሱም ውስጧ ተይዞ አደረ። ከመኪናዋ የወጣው በማግስቱ ጠዋት ነው። ወደ ክብር ዘበኛ ሆስፒታል ሲወሰድ እግሮቹ አይንቀሳቀሱም፤ እጆቹም አይታዘዙም፤ ራሱን እንኳ ማዞር አልቻለም። ጉዳቱ የደረሰው በአንገቱ ላይ ነበር።

በአንገት ውስጥ የሚያልፈው ሕብለ ሠረሠር ከአንጎል ወደ እጅና እግር ትእዛዝ የሚወርድበት መሥመር ነው። አንገት ሲሰበር ወይም ከቦታው ሲንሸራተት ይህ መሥመር ይጎዳል፤ ከዚያ በታች ያለው አካል ጤናማ ሆኖ ሳለ ትእዛዝ አይደርሰውም። ዓለም የተደነቀባቸው የአበበ እግሮች በአደጋው ጊዜ ላይ ላዩን ሲታዩ ምንም አልሆኑም ነበር። የተበጠሰው ትእዛዝ የሚያደርሰው መንገድ ነው።

መኪና በድንገት ሲቆም ወይም ሲገለበጥ ሰውነት በነበረበት ፍጥነት መጓዙን ይቀጥላል። ራስ ከባድ ነው፤ የተሸከመው ደግሞ ቀጭን አንገት ነው። ስለዚህ ቀበቶ ደረትን ቢይዝ እንኳ ራስ ወደ ፊት ይወረወራል፤ ከኋላ ሲገጩም ወደ ኋላ ይቀለበሳል። በዚያ ዘመን ይህን ችግር ለማቃለል የሚደረገው ጥረት ገና በጅምር ላይ ነበር። ሦስት ቦታ የሚያያዘው የደኅንነት ቀበቶ በስዊድን ቮልቮ ኩባንያ በኒልስ ቦሊን የተሠራው እ.ኤ.አ በ1959 ነው። አሜሪካ በአዳዲስ መኪኖች መቀመጫ ላይ የራስ መደገፊያ እንዲኖር ያስገደደችው እ.ኤ.አ ከጥር 1969 ጀምሮ ሲሆን፣ ይህም ከአበበ አደጋ ሦስት ወር እንኳ በማይሞላ ጊዜ ቀደም ብሎ ነበር።

የመኪና ውድድር ዓለምም በእነዚያው ዓመታት በብርቱ ይከራከር ነበር። ጎማቸው ወደ ውጪ በወጣና የአሽከርካሪው ራስ ገላጣ በሆነባቸው የፎርሙላ ዋን መኪኖች የራስ ቁር፣ ማለትም ሄልሜት፣ ግዴታ የሆነው እ.ኤ.አ በ1952 ነው። ቀበቶ ማሰርን ግን ብዙዎች ይሸሹት ነበር። ከሚቃጠል መኪና ተወርውሮ መውጣት ይሻላል የሚል እምነት ነበራቸው። እ.ኤ.አ ሚያዝያ 1968 የሁለት ጊዜ የዓለም ሻምፒዮኑ ጂም ክላርክ ጀርመን ውስጥ ከዛፍ ጋር ተጋጭቶ ሞተ። ስኮትላንዳዊው ጃኪ ስቱዋርት ደኅንነት ይጠበቅ እያለ በመወትወቱ ከፈሪ የቆጠሩት ነበሩ። በዚያው ዓመት አሜሪካዊው ዳን ገርኒ ፊትን ጭምር የሚሸፍን ሄልሜት ይዞ ብቅ አለ። ቀበቶ በፎርሙላ ዋን ግዴታ የሆነው ግን እ.ኤ.አ በ1972 ነው።

ከአልጋ ወደ ቀስት

አበበ አደጋው ከደረሰበት ከአንድ ሳምንት በኋላ ወደ እንግሊዙ ስቶክ ማንዴቪል ሆስፒታል ተላከ። ይህ ሆስፒታል ሐኪሙ ሉድቪግ ጉትማን የሕብለ ሠረሠር ጉዳት ክፍልን ያቋቋመበት ነው። ጉትማን አካላቸው የተጎዳ ሰዎች በአልጋ ላይ ሞትን ከሚጠብቁ በስፖርት ሕይወታቸውን እንዲቀጥሉ በማድረጉ ይታወቃል። ዛሬ ፓራሊምፒክ የሚባለው ውድድር የተጀመረው ከዚያው ግቢ ነው።

አበበ በዚያ ስምንት ወር ቆየ። ንግሥት ኤልሳቤጥ ሳይቀሩ ጎበኙት። ቀስ በቀስ ራሱን ማዞር ቻለ፤ እጆቹም ታዘዙት። እግሮቹ ግን እስከ ዕለተ ሞቱ አልተመለሱም። በተሽከርካሪ ወንበር ላይ ተቀምጦ ቀስት መወርወርና የጠረጴዛ ቴኒስ መጫወት ተማረ፤ በ1962 ዓ.ም ስቶክ ማንዴቪል ላይ በተካሄደው የአካል ጉዳተኞች ውድድርም ተሳተፈ። በቀጣዩ ዓመት ወደ ኖርዌይ ተጋብዞ ውሾች በሚጎትቱት የበረዶ ላይ ተንሸራታች ተወዳድሮ አሸነፈ። በረዶ በማያውቅ ደጋ ላደገ ሰው ይህ ትንሽ ድል አልነበረም። በ1964 ዓ.ም ማብቂያ በሙኒክ ኦሊምፒክ መክፈቻ በተሽከርካሪ ወንበር ላይ ሆኖ ሲታይ ስታዲየሙን የሞላው ሕዝብ ብድግ ብሎ አጨበጨበለት።

ጥቅምት 15 ቀን 1966 ዓ.ም አበበ በአንጎል ውስጥ ደም በመፍሰሱ ምክንያት በ41 ዓመቱ ዐረፈ። የሞቱ መንሥኤ ከአራት ዓመት ተኩል በፊት ከደረሰበት አደጋ ጋር የተያያዘ ነበር። በአዲስ አበባ ቅዱስ ዮሴፍ በተፈጸመው ቀብሩ ላይ ንጉሠ ነገሥቱን ጨምሮ በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ሕዝብ ተገኘ፤ ሀገርም በብሔራዊ ሐዘን አነባችለት።

ክርክሩ ከአበበ በኋላ

አንገትን የመጠበቁ ነገር ከዚያ በኋላ ባሉት ዓመታት መልስ እያገኘ መጣ። በ1980ዎቹ እ.ኤ.አ አሜሪካውያኑ ሮበርት ሃባርድና ጂም ዳውኒንግ በትከሻ ላይ የሚጫን፣ ሄልሜቱን በማሰሪያ የሚይዝ ድጋፍ ሠሩ። መኪናው በድንገት ሲቆም ማሰሪያው ራስን ስለሚይዘው አንገት ለብቻው ሸክም አይሸከምም። አሽከርካሪዎች ይቆረቁራል፣ እንቅስቃሴ ያግዳል እያሉ ለዓመታት ገሸሽ አደረጉት። እ.ኤ.አ በ2001 ታዋቂው ዴል ኧርንሃርት የራስ ቅሉ ሥር ተሰብሮ ከሞተ በኋላ ግን አመለካከቱ ተለወጠ። ፎርሙላ ዋን እ.ኤ.አ በ2003 ግዴታ አደረገው።

ቀጥሎ የመጣው ጥያቄ ራስን ከውጪ ከሚመጣ ነገር ስለ መከለል ነው። እ.ኤ.አ በ2009 ወጣቱ ሄንሪ ሰርቲስ ከሌላ መኪና የተነቀለ ጎማ ራሱን መትቶት ሞተ። ከሳምንት በኋላ ፌሊፔ ማሳ በጉዞ ላይ ከፊቱ ካለ መኪና የወደቀ ሞላ ሄልሜቱን መትቶት ክፉኛ ቆሰለ። እ.ኤ.አ በ2015 ደግሞ ጀስቲን ዊልሰን በተወረወረ የመኪና ስብርባሪ ሕይወቱ አለፈ። ዓለም አቀፉ የአውቶሞቢል ፌዴሬሽን ብዙ ሙከራዎችን ካደረገ በኋላ ከአሽከርካሪው ራስ በላይ የሚዞር፣ ከፊት በአንድ ምሰሶ የሚደገፍ የታይታኒየም ቀለበት መረጠ። ስሙ ሄሎ ይባላል፤ በቤተ ክርስቲያን ሥዕል በቅዱሳን ራስ ዙሪያ የሚታየውን የብርሃን አክሊል የሚያመለክት ቃል ነው። ክብደቱ 7 ኪሎ ገደማ ሲሆን ወደ 120 ኩንታል የሚጠጋ ጫና እንዲሸከም ሆኖ ተሠርቷል።

ተቃውሞው ቀላል አልነበረም። መኪናውን መልከ ጥፉ ያደርገዋል፤ እይታን ይጋርዳል፤ እሳት ሲነሣ ፈጥኖ ለመውጣት ያስቸግራል፤ ከሁሉም በላይ ራስን ገልጦ የመወዳደርን ጥንታዊ ወግ ያፈርሳል ተባለ። ደጋፊዎቹ ደግሞ ወግ የሰው ነፍስ አይተካም ሲሉ ተከራከሩ። ሄሎም እያንዳንዱን አደጋ አያስቀርም። እ.ኤ.አ በ2014 ጃፓን ውስጥ መኪና ለማንሣት ከገባ ከባድ ማሽን ጋር ተጋጭቶ በኋላ ሕይወቱ ያለፈውን ዡል ቢያንኪን ሄሎ እንደማያድነው የፌዴሬሽኑ ጥናት ራሱ አምኗል። ለዚያ ዓይነቱ አደጋ መፍትሔው ማሽኑ ባለበት ፍጥነት መቀነስ ነው።

እ.ኤ.አ በ2018 ሄሎ ግዴታ ሆነ። ከሁለት ዓመት በኋላ ባሕሬን ላይ የሮማን ግሮዣን መኪና የብረት አጥር ሰንጥቆ ገብቶ ለሁለት ተከፈለና በእሳት ተያያዘ። ግሮዣን ከእሳቱ ውስጥ በራሱ ኃይል ወጣ፤ የተቃጠሉት በዋናነት እጆቹ ናቸው። ቀድሞ ሄሎን ከሚቃወሙት አንዱ የነበረው ይህ ሰው ያለ እርሱ በሕይወት እንደማይገኝ በይፋ መስክሯል። እ.ኤ.አ በ2022 ደግሞ የቻይናው ዡ ጓንዩ መኪና እንግሊዝ ውስጥ ተገልብጣ በአናቷ ተንሸራተተች፤ አሽከርካሪው ሳይጎዳ ወጣ። ክርክሩ በዚህ ተዘጋ ማለት ይቻላል።

ከወረታ እስከ ጋይንት

ለደቡብ ጎንደር ሰው የውድድር መኪና ሩቅ ነገር ነው። መንገዱ ግን ሩቅ አይደለም። ከወረታ ተነሥቶ ወደ ደብረ ታቦር የሚወጣው ዳገት፣ ከዚያም በጉና ሥር አልፎ ወደ ጋይንት የሚዘልቀው ጠመዝማዛ በክረምት ጉም ይለብሳል። ሞተር ብስክሌት ከቀበሌ ቀበሌ ያደርሳል፤ ባጃጅ ከተማውን ያገናኛል፤ በገበያ ቀን በጭነት መኪና ላይ ከእህል ኩንታል አናት ተቀምጦ የሚሄድም አይጠፋም። ሄልሜት በመሪው ላይ ተንጠልጥሎ፣ ቀበቶ ከመቀመጫው ሥር ተቀብሮ የሚኬድበት ምክንያት በአውሮፓ አሽከርካሪዎች ዘንድ ከተሰማው ብዙም አይለይም፤ ይሞቃል፣ ያጨናንቃል፣ ቅርብ ነው የምሄደው፣ ምን ያስፈራኛል ይባላል።

የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው በትክክል የታሰረ ሄልሜት የሞተር ብስክሌት ተጓዥን የመሞት አደጋ 40 በመቶ ገደማ፣ የከባድ ራስ ጉዳትን ደግሞ 70 በመቶ ገደማ ይቀንሳል። ቀበቶ ከፊት ወንበር የተቀመጠን ሰው የሞት አደጋ በግማሽ ያህል ያወርዳል። ማሰሪያው ከአገጭ ሥር ያልተቆለፈ ሄልሜት ግን ሰውየው ከመውደቁ በፊት ከራሱ ላይ ይበራል፤ ለይስሙላ የተደረገ እንጂ መከላከያ አይደለም።

በገጠር መንገድ ላይ አደጋ ሲደርስ ቀድሞ የሚደርሰው በአቅራቢያው የሚያርሰው ገበሬ ነው። አንገቱ የተጎዳን ሰው በእጁ ወይም በእግሩ ጎትቶ ማውጣት፣ አስቀምጦ ውኃ ማጠጣት፣ አዝሎ መሮጥ ከቅን ልብ ቢመጣም ጉዳቱን ሊያብሰው ይችላል። እሳት ወይም ሌላ የሚያጣድፍ አደጋ ከሌለ የተጎዳውን ባለበት ማቆየት፣ አንድ ሰው ራሱንና አንገቱን በሁለት እጁ ቀጥ አድርጎ እንዲይዝ ማድረግ፣ የጤና ባለሙያ መጥራት ይገባል። ማንሣት የግድ ከሆነ ብዙ ሰው ሆኖ፣ ራስ፣ አንገትና ጀርባ በአንድ መሥመር ሳይጣመሙ በአንድ ጊዜ አንሥቶ በቃሬዛ ወይም በጠፍጣፋ ሳንቃ ላይ ማሳረፍ ነው። ቃሬዛ የደጋው ሰው ሕመምተኛ የሚሸከምበት የቆየ ልማዱ ነው፤ የሚጨመርበት ነገር ቢኖር ለአንገት የሚደረገው ጥንቃቄ ነው።

ሻምበል አበበ ቢቂላ በባዶ እግሩ ሮጦ አሸነፈ፤ ጫማ አድርጎም ሮጦ አሸነፈ። እግሩ ሲከዳው በእጁ ቀስት ያዘ። በአርባ አንድ ዓመቱ የቀጨው ተፎካካሪ ሯጭ ሳይሆን የአንድ ሌሊት የመንገድ አደጋ ነው። ዛሬ በጉና ሥር ከብት ከሚመልሱት ልጆች መካከል የነገው አበበ ሊኖር ይችላል። ያ ልጅ ነገ በአጎቱ ሞተር ብስክሌት ኋላ ተፈናጥጦ ወደ ገበያ ሲወርድ በራሱ ላይ ሄልሜት መኖር አለመኖሩ የሀገርም ጉዳይ ነው።